አረቄን ያለ እንጨት በርሜል ማቆየት፦ ከዲላና ከጌዴኦ ዞን አንጻር

አረቄን ያለ በርሜል ማቆየት ማለት በእንፋሎት የወጣን ጠንካራ መጠጥ በሸክላ፣ በጠርሙስ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ አስቀምጦ፣ ሲያስፈልግም በእሳት የተለበለበ የእንጨት ስንጣሪ ነክሮበት፣ ጠረኑና ጣዕሙ እስኪበስል መጠበቅ ነው። በዓለም ገበያ ውስኪና ኮኛክ የሚቆዩት በኦክ በርሜል ነው፤ ኦክ ግን በኢትዮጵያ በተፈጥሮ አይበቅልም። በርሜሉን ከውጭ ማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ በአገር እንጨት መተካት ደግሞ ለዓመታት ያደጉ ትልልቅ ዛፎችን መቁረጥን ያስከትላል። አረቄን የሚያሻሽለው ጊዜ፣ ጥቂት አየርና በልክ የተመጠነ እንጨት ነው። በርሜሉ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዕቃ ስላጣመረ እንጂ ሌላ የሚተካው ስለሌለ አልተከበረም። ዛፉ ቆሞ በሚጠቅምበት እንደ ጌዴኦ ባለ ምድር ሦስቱን ነጣጥሎ ማሟላት ይቻላል፤ ይገባልም።

ቦታውና ዛፉ

የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ተዳፋት ሲሆን፣ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ የተሸከመው ደንንና እርሻን ያዋሐደው ሥርዓት ነው፤ ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር የይርጋጨፌን ስም በዓለም ያስጠራው ቡና ይበቅላል። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን እርሻ፣ በሽማግሌዎች ሥርዓት የሚጠበቁትን የተቀደሱ ደኖችና የአካባቢውን የድንጋይ ትክሎች በአንድነት ተመልክቶ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዛፍ የቡናው ጥላ፣ የአፈሩ ማሰሪያና የመሬቱ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ አንድን ዛፍ ለጣውላ መቁረጥ ዋጋው በጣውላው ብቻ አይመዘንም፤ ሥሩ የነበረው ቡናና እንሰትም አብሮ ይቆጠራል።

በርሜል የሚሠራው ሥራ

በርሜልን ለመተካት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ በርሜል ምን እንደሚያደርግ መለየት አለበት። አንደኛው ሥራው መስጠት ነው። ኦክ በእሳት ሲለበለብ ሊግኒን የተባለው የእንጨቱ ክፍል ተሰባብሮ የቫኒላ ጠረን ያለውን ቫኒሊን ያወጣል፤ ሌላው ክፍል፣ ሄሚሴሉሎስ፣ እንደ ካራሜል ወደሚጣፍጡ ነገሮች ይለወጣል፤ ታኒን ደግሞ ቀለምና ጥንካሬ ይጨምራል። ሁለተኛው መውሰድ ነው፤ የከሰለው የውስጥ ገጽ መጥፎ ሽታ ያላቸውን የድኝ ውሁዶች ይመጥጣል። ሦስተኛው መተንፈስ ነው፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ጥቂት ኦክስጅን ይገባል፣ አልኮልና ውኃም ይተናል። ይህ ትነት ኪሳራ አለው። በስኮትላንድ በዓመት 2 በመቶ ገደማ የሚገመተው ብክነት እንደ ሕንዷ ባንጋሎር ባለ ሞቃት ስፍራ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ዲላ አየሯ መካከለኛ ቢሆንም እንደ ስኮትላንድ ቀዝቃዛ አይደለችም፤ በርሜል የሚሞላ አምራች የሚያጣውን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል። ከሦስቱ ሥራዎች እንጨት የግድ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ነው፤ ለእሱም ቢሆን የሚፈለገው እንጨቱ ከመጠጡ ጋር የሚነካካበት ስፋት እንጂ የዕቃው ቅርጽ አይደለም። በጠርሙስ ውስጥ የተነከረ ስንጣሪም ይህን ስፋት ይሰጣል።

ሌሎች አገሮች ያረጋገጡት

ያለ እንጨት የሚቆይ መጠጥ ጉድለት ያለበት ነው የሚለውን ግምት የብዙ አገሮች ልማድ ያፈርሰዋል። የፔሩ ሕግ ፒስኮ የተባለው የወይን አረቄ ቢያንስ ሦስት ወር በመስተዋት፣ በማይዝግ ብረት ወይም ጣዕሙን በማይለውጥ ሌላ ዕቃ እንዲያርፍ ያዛል፤ እንጨት አይፈቀድም። የሜክሲኮ መመዘኛ ሜስካል ለተባለው አረቄ በመስተዋት ብቻ ከ12 ወር በላይ የቆየ የሚል የራሱ መደብ ሰጥቶታል። በጃፓን ኦኪናዋ አዋሞሪ የተባለው አረቄ በሸክላ ማሰሮ ይቆያል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ኩሱ የሚል የክብር ስም ያገኛል። በቻይናም ባይጅዩ የተባለው አረቄ ለዓመታት በትልልቅ ጋኖች ይቀመጣል። የኮኛክ ቤቶች ሳይቀሩ እጅግ ያረጀውን መጠጣቸውን፣ ከእንጨቱ የሚፈልጉትን ካገኘ በኋላ፣ ወደ ትልልቅ የመስተዋት ዕቃ ይገለብጡታል። ከኦክ ውጭ ያለ እንጨትን በተመለከተ ደግሞ ብራዚል ካሻሳ የተባለውን አረቄዋን እንደ አምቡራና ባሉ በአገሯ ዛፎች ታቆያለች። እነዚህ ሁሉ የድህነት ምትክ ሳይሆኑ የአገራቸው መለያ ሆነው ይሸጣሉ።

የኢትዮጵያ መነሻ

የአገራችን አረቄ ከብቅል፣ ከጌሾና ከእህል በተዘጋጀ ድፍድፍ ይወጣል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በውኃ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የሚወጣው ተራ አረቄ፣ እንደገና የሚወጣው ዳግም አረቄ ይባላል፤ ዳግሙ በአብዛኛው 45 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ከዲላ በስተሰሜን በዚያው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አርሲ ነገሌ በዚህ ምርት የታወቀች ናት፤ ሥራው የሚፈጀው ማገዶም በአካባቢዋ ደን ላይ ጫና አሳድሯል። ምርቱ የሚሸጠው ሳይቆይ ነው፤ የሚጓዘውም በፕላስቲክ ጀሪካን ነው። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ጠማቂዎች ዕቃን በጢስ የማዘጋጀት የዳበረ ዕውቀት አላቸው። የጠላና የጠጅ ጋን በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል፤ አዲስ ሸክላም ከመሞላቱ በፊት ይሟሻል። በርሜልን መለብለብና ጋንን ማጠን መንገዳቸው ቢለያይም እንጨትን በእሳት አማካይነት ወደ ጣዕም መለወጥ የሚለው መሠረታቸው አንድ ነው። አረቄን በማቆየት ረገድ መነሻ የሚሆነን ይህ የራሳችን ልማድ ነው።

ተቃውሞዎችና መልሳቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሸክላው ጥራት ይነሣል። የአገር ሸክላ በገላጣ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ900 ዲግሪ በታች በሆነ እሳት ስለሚተኮስ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ጠላን ቢይዝም ጠንካራ አልኮልን ያሳልፋል። ተቃውሞው ትክክል ነው። የኦኪናዋ ማሰሮ የሚይዘው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ስለሚተኮስ ነው። በእርሳስ የተሠራ የመስተዋት ቅብ መቀባት ደግሞ መርዝን ወደ መጠጡ ማስገባት ስለሆነ መፍትሔ አይሆንም። የተሻለ ምድጃ እስኪኖር ድረስ ዲላ ላይ የሚያዋጣው ትልቅ ጠርሙስ ወይም የማይዝግ ብረት ነው፤ በየጊዜው ሲከፈትና ከላዩ ባዶ ቦታ ሲተውለት የሚያስፈልገውን አየር ያገኛል። ጀሪካን ግን ለዚህ አይመረጥም፤ ጠንካራ አልኮል ከፕላስቲክ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን የማሟሟት ኃይል አለው፤ ቀድሞ ሌላ ነገር የያዘ ጀሪካን ከሆነ አደጋው ይብሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስንጣሪ መንከር ማጭበርበር ነው ይላል። የስኮትላንድ ሕግ ውስኪ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ኮምፓስ ቦክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 በበርሜሉ ውስጥ ተጨማሪ የኦክ ጣውላ አስገብቶ ያወጣውን ስፓይስ ትሪ የተባለ ውስኪ የአገሪቱ የውስኪ ማኅበር ስለተቃወመው ለማቆም ተገድዷል። ይህ ግን የአንድን አገር ስም የሚጠብቅ ደንብ እንጂ የኬሚስትሪ ፍርድ አይደለም፤ በኮኛክ የኦክ ስንጣሪ ተቀቅሎ የሚወጣ ጭማቂ መጨመር የተፈቀደ ነው። ማጭበርበር የሚሆነው በስንጣሪ ጥቂት ወራት የቆየውን በበርሜል ዓመታት የቆየ ብሎ መሸጥ ነው። የጌዴኦ አምራች ዕቃውን፣ እንጨቱንና ጊዜውን በግልጽ በጠርሙሱ ላይ ቢጽፍ ማንንም አያታልልም። እርግጥ ነው፣ ስንጣሪ ቀለምና ጠረን በፍጥነት ቢሰጥም ዓመታት ቀስ ብለው የሚያመጡትን ለውጥ ሁሉ አይተካም፤ ስለዚህ ስንጣሪው የሚያሳጥረው የእንጨቱን ድርሻ እንጂ የጊዜን ድርሻ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ብራዚል ከቻለች ለምን በራሳችን ዛፍ በርሜል አንሠራም የሚለው ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም እንጨት ለመጠጥ አይሆንም። በጌዴኦ እርሻ የተወደደው ብርብራ ፍሬው ተፈጭቶ ዓሣ ለማደንዘዝ ያገለግላል፤ በውስጡ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለ። አልኮል ከውኃ ይበልጥ ስለሚያሟሟ፣ ለቤት ዕቃ የተስማማ እንጨት ለመጠጥ ይስማማል ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ በርሜል ወፍራምና ቀጥ ያለ ግንድ ይፈልጋል፤ ስንጣሪ ግን ከቅርንጫፍና ከቁርጥራጭ ይወጣል። ያረጀ ቡና በጉንደላ ሲታደስ ብዙ እንጨት ይወድቃል፤ በአብዛኛውም ማገዶ ይሆናል። የቡና እንጨት፣ የወይራ ቅርንጫፍና የዋንዛ ቁርጥራጭ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ቢፈተሹ፣ ከመርዝ ነጻ መሆናቸው የተረጋገጠላቸው አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ የአካባቢው መለያ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍተሻው ከሽያጭ መቅደም አለበት።

አራተኛው ተቃውሞ ከጤና ነው፤ አረቄን ማጣፈጥ ጠጪን ማብዛት ነው ይላል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ማቆየት አልኮልን አይቀንስም፣ ሜታኖል የተባለውን መርዛማ አልኮልም አያስወግድም፤ በመጀመሪያ የሚወጣውን ጠብታ ለይቶ መድፋትና ምርቱን ማስመርመር የማውጫው ሥራ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የቆየ አረቄም ከዚህ ውጭ አይሆንም። ነገር ግን ሳይመረመር በጀሪካን የሚሸጥ ርካሽ አረቄ እንዳለ ነው። ጥቂት አምርቶ፣ አስመርምሮና አቆይቶ በተሻለ ዋጋ መሸጥ የማገዶውን ፍጆታ ይቀንሳል፤ አምራቹም ብዛትን ሳይሆን ጥራትን እንዲያሳድድ ምክንያት ይሰጠዋል።

በዚህ ሁሉ ሲመዘን ለጌዴኦ የሚስማማው መንገድ በቅደም ተከተል ሊነገር ይችላል፦ በጥንቃቄ የወጣ ዳግም አረቄ፣ በጠርሙስ ወይም በማይዝግ ብረት ለወራት ማረፍ፣ ተፈትሾ ያለፈ እንጨት በልክ መንከር፣ በመጨረሻም እውነቱን የሚናገር ጽሑፍ በጠርሙሱ ላይ። የኦክ በርሜል ኦክ ላላቸው አገሮች ተገቢ መሣሪያ ነው፤ ዛፉን ለጥላው ብሎ ለሚያሳድግ ሕዝብ ግን የሚበጀው ዛፉን ሳይነካ ጊዜን የሚያሠራ ዕቃ ነው።