መረጃው ይበቃልን? የአቡ ካሚል የአዕዋፍ ጥያቄዎችና የፈራኢድ ትምህርት

በመድረሳም ሆነ በመደበኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ ጥያቄ ለተማሪ ሲቀርብ በመምህሩና በተማሪው መካከል አንድ ያልተነገረ ስምምነት አለ፤ የተሰጠው መረጃ ለመልሱ ይበቃል፣ መልሱም አንድ ነው የሚል። ተማሪው የሚፈተነው በአሠራሩ ብቻ ነው። ቀደምት የሙስሊም ሒሳብ ሊቃውንት ግን ከአሠራሩ በፊት ሌላ ነገር ይመረምሩ ነበር፤ የተነገረን ነገር ለተጠየቅነው ይበቃልን?

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የአል-ጀብር ኪታቡን ያዘጋጀው በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን (198–218 ዓ.ሂ.) ነው። ከለያቸው ስድስት የጥያቄ ዓይነቶች አምስተኛው ለጉዳያችን ይጠቅማል። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 21 ቢታከልበት የቁጥሩን አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? 3 ትክክል ነው፤ 7ም ትክክል ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ሁለቱንም ያሳያል፤ መለያውንም አብሮ ይሰጣል። የአሥር ግማሽ 5፣ በራሱ ሲባዛ 25 ነው። የሚታከለው ቁጥር ከ25 ከበለጠ ጥያቄው የማይቻል ነው፤ እኩል ከሆነ መልሱ ግማሹ ራሱ፣ ማለትም 5 ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ ሥራው ሳይገባ መልስ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ምርመራ ይበልጥ ያሰፋው ግብጻዊው ሒሳበኛ አቡ ካሚል ሹጃዕ ኢብን አስለም ነው። አዕዋፍን ስለ መግዛት በሚያወሳው አጭር ኪታቡ መግቢያ ላይ፣ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በሊቁም በተራውም ሰው ዘንድ እንደ ጨዋታ እንደሚዘዋወሩ፣ መላሾቹ ግን ያለ ሕግ በግምት እንደሚመልሱ ያማርራል። የጥያቄዎቹ መልክ አንድ ነው፤ በ100 ድርሃም 100 ወፍ ግዛ፣ ከየዓይነቱም ይኑርበት። በመጀመሪያው ጥያቄ ዳክዬ 5 ድርሃም፣ ዶሮ 1 ድርሃም፣ ድንቢጥ ደግሞ 20ው በ1 ድርሃም ነው። ያልታወቁት ሦስት ናቸው፤ የተነገሩን ግንኙነቶች ሁለት ብቻ። በችኮላ የሚያይ ሰው መረጃው አይበቃም ይላል። ነገር ግን ወፍ አይከፈልም፤ ይህ ያልተጻፈ ሁኔታ የጎደለውን ይሞላል። መልሱም አንድ ብቻ ነው፤ 19 ዳክዬ፣ 80 ድንቢጥና 1 ዶሮ።

ዋጋው ሲለወጥ ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ዓይነት 2 ድርሃም፣ ሌላው 2ቱ በ1 ድርሃም፣ ሦስተኛው 3ቱ በ1 ድርሃም ቢሆን ስድስት ልዩ ልዩ መልሶች አሉ። አንዱ 3 ድርሃም፣ ሌላው 20ው በ1፣ ሌላው 3ቱ በ1 ቢሆን ደግሞ አንድም መልስ የለም። (25 ከመጀመሪያው፣ 75 ከሦስተኛው ብንገዛ ሒሳቡ ይሞላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ዓይነት ባዶ ይቀራል፤ ይህም ከታዘዘው ውጭ ነው።)

ከሁሉ የሚያስደንቀው አምስት ዓይነት ወፎች ያሉበት ጥያቄ ነው፤ አንዱ 2 ድርሃም፣ ሌላው 1 ድርሃም፣ የቀሩት በየተራ 2፣ 3 እና 4 በ1 ድርሃም። አቡ ካሚል 2676 መልሶች ቆጠረለት። ይህን ለሰዎች ሲነግር አንዳንዱ እንደተገረመ፣ የማያውቀው ደግሞ እንደተጠራጠረው ይነግረናል። ኪታቡን እንዲጽፍ ያነሣሣውም ይህ ነው። ዛሬ በጥንቃቄ ሲቆጠር መልሶቹ 2678 ናቸው። ያለ መሣሪያ በእጅ በተሠራ ቆጠራ ሁለት ብቻ መሳት በእኔ ግምት ክብሩን አይቀንስም፤ አሠራሩን በዝርዝር ስላሰፈረ ስሕተቱን ለማረም የቻልነውም በራሱ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ከመስጂድ ሥራ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የአል-ኸዋሪዝሚ ኪታብ ሰፊ ክፍል ስለ ኑዛዜና ውርስ መሆኑን ያስታውስ። አንድ ሰው ነፍሰ ጡር ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። ሚስትየዋ ድርሻዬ ስንት ነው ብትል መረጃው ይበቃል፤ ልጅ ስላለ ፅንሱ ምንም ይሁን ምን 1/8 ነው። ልጁ ያንኑ ቢጠይቅ ግን ያው መረጃ አይበቃም። ፅንሱ ወንድ ከሆነ የልጁ ድርሻ 7/16፣ ሴት ከሆነች 7/12፣ በሕይወት ካልተወለደ 7/8 ነው። የመረጃ መብቃት የሚለካው በተጠየቀው ነገር መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። ሟቹ ሌላ ልጅ ባይኖረው ኖሮ የሚስቲቱም ድርሻ በ1/8 እና በ1/4 መካከል ይንጠለጠል ነበር፤ ያኔም እርግጠኛው 1/8 ይሰጣትና ቀሪው ይቆያል።

ከመስጂድ በር ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ ወራሽ ቁጥር ሳይሰጡ መመለስ ለኢማም ከባድ ነው፤ ጠያቂው አለማወቅ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ አቡ ካሚልም ከዚህ ዓይነት ጥርጣሬ አላመለጠም። ፉቀሃእ ግን ለዚህ ሥርዓት አበጅተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የፅንሱ ቁጥር ስለማይታወቅ ልጁ እስከ ወሊድ ምንም አይሰጠውም። በሐነፊይ መዝሀብ ፈትዋ የሚሰጥበት አቋም ለፅንሱ የአንድ ልጅ ድርሻ አስቀምጦ ቀሪውን ያከፋፍላል፤ ከአንድ በላይ ቢወለድ ግን የወሰዱትን እንዲመልሱ ከወራሾቹ ዋስ ይያዛል።