ያልተጠየቀው ጥያቄ፦ ፀረ-ድብርት መድኃኒቶችና የሴቶች ወሲባዊ ጤና በታሪክ ዓይን

መግቢያ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ኃላፊነቱን በሙሉ የሚጥለው በታማሚው ላይ ነው። በፀረ-ድብርት መድኃኒቶች ታሪክ ውስጥ ግን ችግሩን ሸሽጎ ያቆየው የታካሚዎች ዝምታ ብቻ ሳይሆን የጠያቂዎችም ዝምታ ነበር። ከድብርት ለመዳን መድኃኒት የጀመሩ ብዙ ሴቶች የወሲብ ፍላጎታቸው መቀዝቀዙን፣ እርካታ ላይ መድረስ እንደተሳናቸው፣ በዚህም ምክንያት ትዳራቸው መሻከሩን ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል። ጉዳዩ ለረጅም ዓመታት በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም ስፍራ ያላገኘው በወጉ ስላልተጠየቀ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ በመቃኘት ለዕለት ተዕለት ሥራችን የሚበጀውን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል።

ከሳንባ ነቀርሳ ክፍል የተገኘ ተስፋ

የዘመናዊ ፀረ-ድብርት መድኃኒቶች ታሪክ የጀመረው በአእምሮ ሕክምና ክፍል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮናያዚድ የተባለ መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሲሰጥ፣ አንዳንዶቹ ከሚጠበቀው በላይ ደስተኞችና ንቁ ሲሆኑ ታየ። ናታን ክላይን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1957 ይህንኑ መድኃኒት ለድብርት መጠቀማቸውን ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ድብርትን እንደሚያቃልል የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ።

ከዚያ ቀደም ለከባድ ድብርት የነበረው ዋነኛ አማራጭ የኤሌክትሪክ ሕክምናና የረጅም ጊዜ የሆስፒታል ቆይታ ነበርና፣ የሐኪሞቹ ደስታ የሚያስገርም አይደለም። ታካሚዋ ትበላለች ወይ? ትተኛለች ወይ? ራሷን የመግደል ሐሳብ ትታለች ወይ? የዚያ ዘመን ዋነኛ ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፤ ተገቢም ነበሩ። በ1960 ማክስ ሃሚልተን ያዘጋጁት የድብርት መመዘኛ ስለ ወሲብ ፍላጎት መቀነስ የሚጠይቅ ነጥብ ነበረው፤ ይሁን እንጂ ነጥቡ ፍላጎት ማጣትን የሚቆጥረው እንደ በሽታው ምልክት ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው ችግር ቢኖር ከበሽታው ጋር ተደባልቆ ለመቅረት የተጋለጠ ነበር።

የወንዶቹ ታየ፣ የሴቶቹ ተሰወረ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስለ ወሲባዊ የጎንዮሽ ጉዳት የሚገልጹ አልፎ አልፎ የሚወጡ ሪፖርቶች ነበሩ። የወንድ ችግር፣ ማለትም የብልት አለመቆም ወይም የዘር ፈሳሽ መዘግየት፣ በግልጽ የሚታይና ለመናገርም የቀለለ ነው። የሴቷ ግን በውጭ የሚታይ ምልክት የለውም፤ ሊታወቅ የሚችለው እርሷ ከተናገረች ብቻ ነው። እንድትናገር ደግሞ የሚጠይቃት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1977 ባወጣው መመሪያ፣ ልጅ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያ ደረጃ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲገለሉ መክሮ ነበር። ዓላማው ፅንስን ከጉዳት መጠበቅ ቢሆንም፣ መድኃኒቶች በሴት አካል ላይ ስለሚያደርጉት ነገር የሚገኘውን ዕውቀት አሳንሶታል። መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። በድብርት የሚያዙት ሴቶች ከወንዶች በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጡ ስናስብ፣ ክፍተቱ ምን ያህል እንደነበር እንረዳለን።

ጥያቄው ቁጥሩን ሲለውጠው

በ1987 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሳይካያትሪ የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በግልጽ አሳየ። ሞንቴይሮና ባልደረቦቻቸው በተደጋጋሚ አስገዳጅ ሐሳብ የሚሠቃዩ 46 ሕሙማንን ክሎሚፕራሚን በተባለው ፀረ-ድብርት መድኃኒት አጥንተው ነበር። ከመድኃኒቱ በፊት እርካታ ላይ የመድረስ ችግር ካልነበረባቸው 33 ሰዎች መካከል፣ መድኃኒቱን የወሰዱት 24ቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም እርካታ ላይ መድረስ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተሳናቸው፤ ፍሬ ነገር የሌለው እንክብል የተሰጣቸው 9ኙ ግን አንዳቸውም አልተቸገሩም። ችግሩ በወንዶችም በሴቶችም እኩል ታይቷል። ተመራማሪዎቹ ያስተዋሉት ሌላው ቁም ነገር፣ ሕሙማኑ ፊት ለፊት ሲጠየቁ የተገለጸው ችግር በጽሑፍ መጠይቅ ብዙውን ጊዜ ተሰውሮ መቅረቱን ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍሉኦክሴቲን በአሜሪካ ተፈቀደ። ከቀደሙት መድኃኒቶች ይልቅ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያነሰና አወሳሰዱም የቀለለ በመሆኑ በፍጥነት ተስፋፋ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ወሲባዊ ችግር የተመዘገበባቸው ሰዎች ከመቶ ጥቂቶች ብቻ ስለነበሩ፣ ብዙ ሐኪሞች ጉዳዩን እንደ ጥቃቅን ነገር ቆጠሩት። በሙከራዎቹ የተመዘገበው ግን በአብዛኛው ታካሚው በራሱ ተነሣስቶ የተናገረው ነበር።

ይህን ግምት ካፈረሱት አንዱ የስፔን ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ሞንቴሆና ባልደረቦቻቸው በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የፍሉኦክሴቲን ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶችን የሚወስዱ 344 ሰዎችን ተከታትለዋል፤ 192ቱ ሴቶች ነበሩ። በራሳቸው ተነሣስተው ችግራቸውን የተናገሩት 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ሐኪሙ በቀጥታ ሲጠይቅ ግን ቁጥሩ 58 በመቶ ደረሰ። በ2001 ደግሞ በ1,022 ታካሚዎች ላይ ባደረጉት ሰፊ ጥናት 59 በመቶ ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው ታወቀ። በወንዶች ላይ በመጠኑ በዝቶ ቢታይም፣ በሴቶች ላይ የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ከ14 ወደ 58 የወሰደው መንገድ አዲስ የምርመራ መሣሪያ አልጠየቀም፤ የጠየቀው አንድ ግልጽ ጥያቄ ብቻ ነበር።

በትዳር ላይ የሚያርፈው ጥላ

እነዚህ መድኃኒቶች ሴሮቶኒን በአንጎል ውስጥ እንዲጨምር ያደርጋሉ፤ ሴሮቶኒኑ ግን በአንዳንድ ተቀባዮች አማካይነት ዶፓሚንን ስለሚገታ ፍላጎትንና እርካታን ሊያዳክም ይችላል። ሴቷ ፍላጎት ልታጣ፣ የብልት መድረቅ ሊያጋጥማት፣ እርካታ ላይ መድረስ ሊዘገይባት ወይም ሊቀርባት ይችላል። ድብርቱ ራሱም ፍላጎትን የሚያጠፋ በመሆኑ፣ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ ሳይጠይቁ የኋላውን መመዘን አይቻልም።

ይህን የማያውቅ ባል የሚስቱን መራቅ ፍቅሯ እንደቀዘቀዘ ወይም ልቧ ወደ ሌላ እንደሸፈተ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። እርሷም ምክንያቱን ስለማታውቅ ጉድለቱን በራሷ ላይ ታላክካለች። ከዚያም ለማንም ሳትናገር መድኃኒቱን ታቋርጣለች፤ ድብርቱ ያገረሻል። ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ «ሕክምናዋን በሥርዓቱ አልተከታተለችም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዐረፍተ ነገር ከታካሚዋ ይልቅ ያልተጠየቀውን ጥያቄ የሚወቅስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዘግይቶ የመጣ ምላሽ

መፍትሔ ፍለጋውም ሴቶችን ያስከተለው ከወንዶች ኋላ ነው። ሲልዴናፊል ለወንዶች በ1998 ተፈቀደ። ፀረ-ድብርት መድኃኒት ለሚወስዱ ወንዶች እንደሚጠቅም በቁጥጥር ሙከራ የተረጋገጠው በ2003 ሲሆን፣ ተመሳሳይ ሙከራ በ98 ሴቶች ላይ ተደርጎ መጠነኛ ጥቅም ያሳየው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2008 ነው። እስከ ዛሬም ለሴቶች የተፈቀደ አገልግሎት አይደለም። በ2019 የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በአንዳንዶች ላይ ችግሩ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊቀጥል እንደሚችል በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር መክሯል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ፍሉኦክሴቲን በ2007 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ድርጅቱ በ2010 ባወጣውና በሀገራችንም ሥራ ላይ በዋለው የአእምሮ ጤና መመሪያ አማካይነት፣ የድብርት ሕክምና ከልዩ ሆስፒታሎች ወጥቶ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ተደርጓል። እንግዲህ ጥያቄው የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የጤና መኮንኑና የነርሷም ሆኗል።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ሁኔታ መጠየቅና መመዝገብ፣ ችግሩ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ መንገር፣ በክትትል ጊዜም ደግሞ መጠየቅ ይገባል። ባል፣ አማት ወይም አስታማሚ በክፍሉ ውስጥ ካሉ በአክብሮት አስወጥቶ ለብቻ ማነጋገር ያስፈልጋል። «ሌላ የሚሉኝ ነገር አለ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «የለም» ነው። «ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ሴቶች የግብረ ሥጋ ፍላጎት መቀነስ ያጋጥማቸዋል፤ እርስዎስ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሐፍረቱን ሸክም ከታካሚዋ ወደ ባለሙያው ያሸጋግራል። ችግሩ ከተገኘ መጠን መቀነስ፣ መድኃኒት መቀየር ወይም ከባለሙያ ጋር መመካከር ይቻላል፤ በድንገት ማቋረጥ ግን አደጋ እንዳለው ማስረዳት አይዘነጋ። እርሷ ከፈቀደችም ባሏ ተጠርቶ ምክንያቱ መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ቢነገረው፣ ከብዙ ክርክር የሚያድን አንድ ቃል ይሆናል።

ከሲ ቪው ሆስፒታል ወዲህ ከሰባ ዓመታት በላይ አልፈዋል። መድኃኒቶቹ ብዙዎችን ከሞት አፋፍ መልሰዋል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ይሁንና ከድብርት ያወጣናት ሴት ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚገጥማት ካልጠየቅን ሥራችን ግማሽ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት እንደማይገኝለት ሁሉ፣ ያልጠየቀም መልስ አያገኝም።