የውጭ አገር ሚሲዮናውያንና የቋንቋ ትምህርት፤ ከላስታ ዐመፅ እስከ 1936 ዓ.ም. ድንጋጌ

ወንጌልን ለማገልገል የእግዚአብሔር ጥሪ ደርሶኛል ብሎ ከባሕር ማዶ የሚነሣ ሰው፣ በቅርብ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚመጣው የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ነው። ቋንቋው ተፈላጊ ስለ ሆነ በር ይከፍትለታል፤ እርሱም በዚያው በር ይገባል። ይህ አካሄድ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መምህሩና ቋንቋው ይለዋወጣሉ እንጂ ነገሩ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ እንደዚህ ያለ መምህር በአገራችን ተቀባይነት ማግኘቱን ወይም ማጣቱን የወሰነው የጥሪው ብርታት ወይም የዕውቀቱ ጥቅም ብቻ እንዳልነበረ ነው። ዋናው ጥያቄ የሚያስተምረው በማን ፈቃድና ለማን ነው የሚለው ነበር። ከላስታ የምንጀምረውም የላስታ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ ደሙን አፍስሶ መልስ ስለ ሰጠ ነው።

ከላሊበላ እስከ ሙጃ ደጋ ያለው አገር መምህር ያጣ አገር አልነበረም። ልጅ ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያም ዜማና ቅኔ ፍለጋ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ይሄድ ነበር። የኔታም ያለ ደመወዝ ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ ጥሪ አለኝ ብሎ ከቤት መውጣት ለዚህ ሕዝብ የታወቀ ነገር ነው። ከውጭ የመጣው መምህር ያገኘው ባዶ ቦታ ሳይሆን ሌላ መምህር የተቀመጠበትን ወንበር ነበር።

ከኢየሱሳውያን ማኅበር ወገን የሆነው እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን የተረዳ ይመስላል። አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ከታሰረ በኋላ፣ በ1595 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ወዳለችው ፍሬሞና ደረሰ። እዚያም አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ልጆችንም ያስተምር ጀመር። ወደ ዐፄ ዘድንግል ቤተ መንግሥት በተጠራ ጊዜ ከተማሪዎቹ ሁለቱ በንጉሡ ፊት የተማሩትን ቃል በቃል እንደ መለሱና ንጉሡም እንደ ተደነቁ ተጽፏል። በኋላም የዐፄ ሱስንዮስ ወዳጅ ሆነ። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጽ ባሳወቁበት በ1614 ዓ.ም. ፓኤዝ ሞተ።

በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን መንገዱ ሌላ ነበር። በ1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያም ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ አጽዋማትና በዓላትም በሮማ ሥርዐት እንዲቈጠሩ ታዘዘ። ፓኤዝ ያስተማረው የሰው ልጅ ጠይቆ የሚማረውን ነበር፤ ሜንዴዝ የጠየቀው ግን ሕዝቡ ከአባቶቹ የተማረውን ሁሉ እንደ ስሕተት እንዲቈጥር ነው። በእኛ አስተያየት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትምህርትን ከድል አድራጊነት የሚለየው ነው።

ላስታም ተነሣ። ከ1621 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መልክዐ ክርስቶስ የሚባል የነገሥታት ወገን ነኝ ባይ መሪ ሆኖ፣ ገበሬው የተራራውን ምሽግ ይዞ የንጉሡን ሠራዊት ደጋግሞ መለሰ። በ1624 ዓ.ም. በተደረገው ታላቅ ጦርነት ዐፄ ሱስንዮስ አሸነፉ፤ ከላስታ ወገን 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀም ይነገራል። የወደቁት አረመኔዎች ሳይሆኑ ክርስቲያን ወገኖቻቸው መሆናቸውን ልጃቸው ፋሲል ለአባታቸው እንዳሳሰቡ በታሪክ ይተረካል። በዚያው ዓመት ንጉሡ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለፋሲል ለቀቁ። ኢየሱሳውያንም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከአገር ወጡ።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩን አሳምረን ብቻ ማቅረብ አይገባንም። ሃይማኖቱ ከተመለሰ በኋላም መልክዐ ክርስቶስ መዋጋቱን አልተወም፤ ዘውድ ፈልጓልና። ስለዚህ የላስታ ዐመፅ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የሥልጣንና የአገር ገዥነት ጠብ ጭምር ነበር። ደግሞም ኢየሱሳውያን በአማርኛ መስበካቸውና መጻፋቸው የኛን ሊቃውንት ለመልስ በአማርኛ እንዲጽፉ አነሣሥቷቸዋል። ጠብ ያመጣ እንግዳ ሳያስበው ለቋንቋችን ጽሑፍ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ፕሮቴስታንቶች ሲመጡ ያ ትዝታ ገና አልጠፋም ነበር። በ1822 ዓ.ም. ሳሙኤል ጎባ በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ ትግሬ ገባ፤ ጎንደርም ደርሶ ከሊቃውንት ጋር በትዕግሥት ተነጋገረ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ካርል ኢዘንበርግ ከካህናቱ ጋር በሃይማኖት ተጣልቶ በ1830 ዓ.ም. ከዐድዋ ተባረረ። ሆኖም ለንደን ላይ ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለብዙ ዘመን አገልግሏል። ወንጌል ለማስተማር በጎባ አማካይነት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የመጡት ባለ እጆችም ጋፋት ላይ የተጠየቁት መድፍ እንዲያበጁ ነበር። እነርሱ የተሰማቸው ጥሪ ሌላ፣ አገሪቱ የጠራቻቸው ለሌላ ነበር።

ይህ አለመጣጣም በሕግ መልክ የተያዘው ነሐሴ 21 ቀን 1936 ዓ.ም. በወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ነው። ድንጋጌው አገሩን በሁለት ከፈለ፤ አንደኛው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል፣ ሁለተኛው ለሚሲዮኖች ክፍት የሆነ ክልል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ክልል ውስጥ ሐኪም ቤትና የሃይማኖት ልዩነት የማያደርግ ትምህርት ቤት ማቋቋም ሲቻል፣ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስኮብለል ግን አይፈቀድም ነበር። አጠቃላይ የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆንና ሚሲዮናውያን እንዲማሩት ታዘዘ። ፓኤዝ በፈቃዱ ያደረገውን ድንጋጌው ግዴታ አደረገው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ ከካናዳ ኢየሱሳውያንን አስመጡ። በፋሲል ዘመን የተባረረው ያው ማኅበር ተጋብዞ ተመለሰ። ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ፣ የካህን ልብስም እንዳይለብሱ ተነገራቸው፤ እነርሱም ተስማሙ። ብዙዎቹ የአፍ መፍቻቸው ፈረንሳይኛ ሲሆን ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የከፍተኛ ትምህርታችን መሠረት የተጣለው ስብከታቸውን ትተው ለማስተማር በተስማሙ መነኰሳት እጅ ጭምር ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ ካህን ክህነቱን ሸሽጎ ቢያስተምር ጥሪውን ክዷል፣ ወይም ደግሞ ሕዝቡን አታሏል ሊለን ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ለጥሪው ታማኝ የሆነ ሰው ዝም በል ሲባል ይጨነቃል፤ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሕዝብም በሰዋስው ትምህርት ውስጥ የተሸሸገ ስብከት ይኖራል ብሎ ይጠራጠራል። ነገር ግን የካናዳውያኑ ማንነት ለጋባዡ መንግሥት የተሰወረ አልነበረም፤ ውሉም የታወቀ ነበር። ማታለል የሚባለው እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ብሎ ልጁን ካስጠጉ በኋላ ከአባቱ ሃይማኖት መለየት ነው።

የ1936ቱ ድንጋጌ የተመሠረተበት ሥርዐት ዛሬ የለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን ደንግጎ፣ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ክልሉ ቢቀርም ጥያቄው አልቀረም። የሙጃ ልጅ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ መራመድ ይቸግረዋል። የሚያስተምረው ከየትም ይምጣ፣ ጥሪው እውነተኛ ከሆነ የላስታን ታሪክ አስቀድሞ ይማር፤ የየኔታንም ወንበር አክብሮ ከጎኑ ይቀመጥ። እንደዚህ ያለውን እንግዳ አገራችን ሲቀበል ኖሯል።