የደህንነት ቀበቶና ኤርባግ፡ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጅማ ከተማ፣ ሰቶ ሰመሮን በመሳሰሉ ቀበሌዎች፣ የዕለት ተዕለት ጉዞ በአብዛኛው የሚካሄደው የተሳፋሪ ቀበቶ በሌለው ባጃጅ ነው። በመሆኑም ነዋሪው ወደ አጋሮና ሊሙ ገነት፣ ወይም የጊቤን ሸለቆ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ሲጓዝ ቀበቶ ማሰርን እንደ ልማድ ይዞ አይሳፈርም። ቀበቶንና ኤርባግን በተመለከተ ሦስት የተሳሳቱ አመለካከቶች በስፋት ይደመጣሉ።

የመጀመሪያው ቀበቶ የሚታሰረው ለትራፊክ ፖሊስ ነው የሚለው ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ሳያስሩ ማሽከርከርን በጥፋትነት ደንግጓል። ይሁን እንጂ አንዳንድ አሽከርካሪዎች ቀበቶውን የሚስቡት ፖሊስ ሲያዩ ብቻ ሲሆን፣ የፍተሻ ቦታውን እንዳለፉ ይፈቱታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ፣ ቀበቶ ያላሰረ ሰው የሚደርስበት ምት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ከመውደቅ ጋር ይመሳሰላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ቀበቶ ማሰር የሞት አደጋን እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

ሁለተኛው የኋላ ወንበር ቀበቶ አያስፈልገውም የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ለመስክ ሥራ በመንግሥት ተሽከርካሪ በሚጓዙ ሠራተኞችና ኃላፊዎች ዘንድም ይታያል። ከኋላ ያላሰረ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ተወርውሮ፣ ቀበቶውን በአግባቡ ያሰረውን የፊት ተቀማጭ ጭምር ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ሦስተኛው ኤርባግ ያለው መኪና ቀበቶ አያሻውም የሚለው ነው። ኤርባግ የተሠራው የቀበቶ አጋዥ እንዲሆን እንጂ እንዲተካው አይደለም። ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ስለሚነፋ፣ ቀበቶ ሳያስር ወደ ፊት የተወረወረን ሰው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ፊቱ ወደ ኋላ በሚዞር የሕፃን መቀመጫ ያለ ጨቅላም የሚሠራ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር መቀመጥ የለበትም። ከዚህም ሌላ ኤርባግ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በተጋጨ አሮጌ መኪና ላይ ሳይተካ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ማረጋገጥ ያሻል።

ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 በቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የተሠራ ሲሆን፣ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ዛሬ በመንግሥት ተሽከርካሪዎች ላይ የተገጠመው ቀበቶ ሕይወት የሚያድነው ከታሰረ ብቻ ነው። የስምሪት ኃላፊዎች ከጉዞ በፊት ነዳጅንና ጎማን እንደሚያረጋግጡ ሁሉ፣ የኋላ ወንበር ቀበቶዎችንም ቢያዩ ለዚሁ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።