እግር ኳስ በጣሪያ ሥር

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ጥቂት እንድንጽፍ የመጽሔቱ አዘጋጆች ጠይቀውናል። ስለ በጋው ውድድር ብዙ ስለተባለ እኛ የምናነሣው የክረምቱን ነው። ክረምት ስንልም የአገር ቤቱን ዝናብ ሳይሆን ሜዳችንን ለወራት የሚሸፍነውን የዚህን አገር በረዶ ነው።

እንደምታስታውሱት በመጀመሪያው ዓመት በረዶው ሲወርድ ቡድኑ እንዳይበተን አዳራሽ ተከራየን። አብዛኞቻችን ታክሲ ላይ ስለምንውል፣ ኪራዩም ሲመሽ ረከስ ስለሚል፣ የምንጫወተው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተጣላን። አንዱ ተጫዋች ኳሷን ከግድግዳ ጋር አላትሞ፣ ስትመለስለት ተቀብሎ አገባ። ግማሹ «ጎል ነው» ሲል ግማሹ «ወጥታለች» አለ። ነገሩ ከኳስ አልፎ ስድብ ሆነና አራት ወንድሞቻችን በዚያው ቀሩ።

ቆይተን ታሪኩን ስናገላብጥ ሁለቱም ወገን ትክክል ኖሯል። በአንድ ስም «የቤት ውስጥ እግር ኳስ» የምንለው ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎችን ነው።

አንደኛው የተወለደው በኡራጓይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ኡራጓይ በዋና ከተማዋ በሞንቴቪዲዮ አርጀንቲናን 4 ለ 2 አሸንፋ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ወሰደች። በዚያው ዓመት በከተማው ወወክማ (አዎን፣ በአዲስ አበባ የምናውቀው ወወክማ) መምህር የነበረው ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ እግር ኳስን ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳ አስገባው። የአምስቱን ተጫዋችና የ40 ደቂቃውን ደንብ ከቅርጫት ኳስ፣ የጎሉን መጠን ከእጅ ኳስ፣ የበረኛውን ሕግ ከውኃ ፖሎ ወሰደ። ዛሬ ፉትሳል የሚባለው ይህ ነው። ኳሷ ከመስመር ከወጣች ወጥታለች፤ የምትመለሰውም በእጅ ተወርውራ ሳይሆን በእግር ተመትታ ነው። ለዚያውም በአራት ሴኮንድ ውስጥ።

ከሁሉ የደነቀን የኳሷ ነገር ነው። የፉትሳል ኳስ አነስ ያለች ናት፤ ብዙም አትነጥርም። በብራዚል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዳትነጥር ሲሉ በሰጋቱራና በፈረስ ፀጉር ይሞሏት ነበር። ታዲያ ይህቺ ኳስ የሰፈራችን የጨርቅ ኳስ አይደለችምን? ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ጠቅጥቀን፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገን፣ በጠባብ መንገድ ስንጫወት ያደግን ሰዎች ፉትሳልን ስሙን ሳናውቅ ተጫውተነዋል። አብዶ የምንወደውም ከዚያ የተነሣ ይመስለናል።

ሁለተኛው ጨዋታ የዚህ አገር የአሜሪካ ነው። በየካቲት 1974 የሞስኮው የቀይ ጦር ቡድን ወደ ፊላደልፊያ መጥቶ ከከተማው ክለብ ከአተምስ ጋር በአዳራሽ ተጋጠመና 6 ለ 3 አሸነፈ። (በዚያው የካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መናር ሥራ አቁመው ነበር፤ የሙያ አባቶቻችንን ሳናነሣ ብናልፍ ደስ አይለንም።) ከ11,000 በላይ ሰው መግባቱን ያየው ኤድ ቴፐር ከኧርል ፎርማን ጋር ሆኖ በ1978 ውድድር የጀመረውን የአዳራሽ ሊግ አቋቋመ። ከዩጎዝላቪያ የመጣው ስቲቭ ዙንጉል ጎል ያዘንብለት የነበረው ኒው ዮርክ አሮውስ የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች ጠራርጎ ወሰደ። ሊጉ ግን በ1992 ፈረሰ።

ይህኛው የሚካሄደው በበረዶ ሆኪ ሜዳ ላይ ምንጣፍ መሰል ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፎ ነው። ዙሪያው ታጥሯል። ኳሷ ከአጥሩ ጋር ተላትማ ብትመለስ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ግድግዳው እንደ አንድ ተጫዋች ነው ማለት ይቻላል። በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል፣ ጊዜው በአራት ይከፈላል፣ ያጠፋም እንደ ሆኪ ለሁለት ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል።

በውጭ ሜዳ ያደገ ሰው በሁለቱም ይቸገራል። ኦፍሳይድ የለም። ቅያሪ አያልቅም፤ የደከመ ወጥቶ ተንፍሶ ይመለሳል። በውጭ 7.32 ሜትር የሆነው ጎል በፉትሳል 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከሩቅ መጠለዝ ከንቱ ነው። ፋውልም ይቆጠራል፤ በአንድ አጋማሽ አንድ ቡድን ስድስተኛውን ከሠራ ተጋጣሚው ከ10 ሜትር ነጥብ ላይ ያለ ግድግዳ ይመታል። መሐላችን በጉልበት መጫወት የለመዱ ስለነበሩ ይህቺ ሕግ ብዙ ጊዜ አስጨርሳናለች።

በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ፉትሳሉን መረጥን። የአጥሩ ጨዋታ ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ ሆኖም አንድ ባልንጀራችን ከአጥሩ ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ተሰብሮ ሁለት ወር መሪ ሳይጨብጥ ቤት ዋለ። የመኪናው ዕዳና የቤት ኪራዩ ግን አልቆሙም። አዋጥተን አሳለፍነው። ለታክሲ ሰው ትከሻ እንጀራው ነው።

ከአራቱ ወንድሞቻችን ሁለቱ ተመልሰዋል፤ የአንደኛው ልጅ ዛሬ በረኛችን ነው። ሁለቱ እስካሁን አልመጡም። ያቺ ጎል በአንደኛው ጨዋታ ትጸድቃለች፣ በሌላኛው አትጸድቅም፤ ያን ጊዜ ግን የትኛውን እንደምንጫወት አስቀድመን አልተስማማንም ነበር። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ይህን መጽሔት ካያችሁት፣ ቅዳሜ ማታ እዚያው አዳራሽ ነን፤ ሰዓቱም ያው አራት ሰዓት ነው።