አንበጣ የለቀመችው ዶሮ

በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ደቡቡን ቆላ ሲወርር ነገሌ ቦረና ወይም ያቤሎ አካባቢ የነበራችሁ ልጆች ታስታውሱ ይሆናል። ሰው ጀሪካን እየደበደበ ያባርራል፤ ሲቻል ደግሞ ፀረ ተባይ ይረጫል። ለዶሮዎች ግን ድግስ ነው። ዶሮ የሚዘለውን አንበጣና ተረጭቶ የሚንፈራገጠውን ለይታ አትበላም። እንዲያውም የወደቀው ይቀላታል።

ታዲያ ሰውነቷ ውስጥ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ሳይንስ የጀመረው ቦረና ሳይሆን አሜሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930። ያኔ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር ብዙ ሰው አልኮል ያለበትን የዝንጅብል መድኃኒት ይጠጣ ነበር። መድኃኒቱ ውስጥ ትሪ-ኦርቶ-ክሬሲል ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ተቀላቀለና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሰለለ። የሚገርመው፣ ሽባነቱ የመጣው በጠጡበት ቀን ሳይሆን ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሞሪስ ስሚዝ የተባለው ተመራማሪ በእንስሳት ላይ ሲሞክረው ብዙዎቹ እንደ ሰው አልሆኑም። ዶሮዋ ግን ልክ እንደ ሰው እግሯ ከዳት። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ ለእንዲህ ዓይነቱ የዘገየ ሽባነት መመርመሪያዋ እንስሳ ያደገች ዶሮ ናት።

አገራችን ውስጥ አንበጣ ላይ የተረጩት ማላታይንና ክሎርፒሪፎስም የዚያው ኬሚካል ዘመዶች ናቸው፤ ኦርጋኖፎስፌት ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የዘመኑ ዋና መሣሪያ ዲልድሪን ነበር፤ አፈር ውስጥ ዓመታት የሚቆይ መርዝ። ኦርጋኖፎስፌቶች ቶሎ ይፈራርሳሉ። በዚህ ይሻላሉ፣ እውነት ነው። ትኩስ ሳሉ ግን የነርቭን መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ይይዙታል። መልእክቱ ሳይቆም ሲቀር ዶሮዋ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ትንቀጠቀጣለች። ብዙ ከበላች ትሞታለች።

ካልሞተችስ? እዚህ ጋ ነው ጂኖች የሚመጡት። የቦረናን ኤላዎች አስቡ። ጉድጓዱ ሁሌም አለ፤ ሰዎች ተደርድረው ውሃውን እየተቀባበሉ ያወጡታል። «ዛሬ ስንት ባልዲ ወጣ?» ብትሉ መልሱ በየቀኑ ይለያያል። ጂንም እንደዚያው ነው። ጂኑ አይቀየርም፤ ከእሱ የሚቀዳው መልእክተኛ አርኤንኤ ግን ይበዛል፣ ያንሳል። ተመራማሪዎች የሚቆጥሩት ባልዲዎቹን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሞሐመድ አቡ-ዶንያና ባልደረቦቻቸው ዲኤፍፒ የተባለ ኦርጋኖፎስፌት ለዶሮዎች ሰጥተው ህብለ ሰረሰራቸውን መረመሩ። የነርቭን ረጅም ክር ቀጥ አድርገው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ የእነዚያ ጂኖች ባልዲ ቁጥር ተለውጦ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የባዝል ተመራማሪዎች የዶሮ ጉበት ውስጥ ባዕድ ኬሚካል ሲገባ የሚያውቅና መርዝ አፍራሽ ጂኖችን የሚቀሰቅስ ተቀባይ አገኙ። እንግዲህ ዶሮዋ ጤነኛ መስላ እየጫረች ሳለም ጉበቷ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከመጠን በላይ እንዳትፈሩ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዲኤፍፒ ለእርሻ የሚረጭ መድኃኒት አይደለም። ማላታይን የዘገየውን ሽባነት በማምጣት አይታወቅም፤ ክሎርፒሪፎስም የሚያመጣው መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ መጠኑ በሚሊግራም ይለካል። ግራር ሥር የምትጭር ዶሮን ግን ማን ይለካላታል? አንዷ ሦስት አንበጣ፣ ሌላዋ ሠላሳ ትውጣለች። የተረጨ አንበጣ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ዶሮዎችን ደግሞ እርጭት ባለበት ሰሞን ቆጥ ውስጥ ዘግቶ ጥሬ መስጠት ይቻላል።

የዘገየው ጉዳት ክፋቱ ጊዜው ነው። መርጫው ካለፈ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል፣ አንበጣውም ተረስቷል። ያን ቀን ዶሮዋ እግሯን ስትጎትት ያየች እናት «ፈንግል ገባ» ብላ ቢላዋ ታነሳለች።