የማን 2008? የጉዱማሌ ዲጂታል ፎቶግራፎች እንደ ታሪክ ምንጭ



በአንድ የቤት ኮምፒዩተር ላይ «ጉዱማሌ 2008» የሚል ፎልደር አገኘን እንበል። በውስጡ የፊቼ ጨምበላላ ፎቶግራፎች አሉ፤ ቄጣላ የሚያሰሙ አረጋውያን፣ አደባባዩን የሞላ ሕዝብ። ለታሪክ አጥኚ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን 2008?» የሚለው ነው። በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ዊንድሆክ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ነው። ቁጥሩ የእኛ ከሆነ ምስሎቹ ከምዝገባው በኋላ የተነሡ ናቸው፤ የጎርጎርዮሳውያን ከሆነ ግን ሰባት ዓመት ይቀድሙታል። ምዝገባው የበዓሉን አከባበር ለውጦት እንደሆነ ለሚመረምር ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መፍቻው ያለው ከፋይሉ ውስጥ ነው። ካሜራ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ባለካሜራ ስድስት ሰዓት እንደሚያሳስተን ልብ ይሏል።) የፊቼን ዕለት አያንቱዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ስለሚወስኑ በዓሉ በየዓመቱ በተለያየ ቀን ይውላል፤ ስለዚህ ወርና ቀኑ ብቻ እንኳ ቢተርፉ ዓመቱን ለመለየት ይረዳሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ፎቶው ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው። ጉግል በ1996 ዓ.ም. የገዛውን ፒካሳ የተባለ ሶፍትዌር እንውሰድ። ፒካሳ ዋናውን ምስል አይነካም ነበር፤ የተጠቃሚውን እርማት በዚያው ፎልደር በተደበቀ ትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ «ኤክስፖርት» ሲባል ደግሞ እርማቱን ያካተተ አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም መጠኑ የተቀነሰ። ስለዚህ ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ፍላሽ የገለበጠ ሰው ያልታረመውን ምስል ይዞ ይሄዳል፤ ኤክስፖርት ያደረገውን የወሰደ ደግሞ የታረመውንና ያነሰውን። ቅጂው ወደ ፌስቡክ ሲወጣ የካሜራው መዝገብ ይወገዳል፤ ወረቀት ላይ ሲታተምም እንዲሁ። የቀድሞው ፎቶ ቤት ቢያንስ ከወረቀቱ ጀርባ ማኅተም ይመታ ነበር!

ጉግል ለፒካሳ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው፤ በዓሉ በተመዘገበ በአራተኛው ወር። ከዚያ ወዲህ እነዚያ የተደበቁ ፋይሎች ከአሮጌ ኮምፒዩተሮች ጋር እየተሸጡና እየተጣሉ ነው።

ስለዚህ ምስል ለመሰብሰብ ወደ ሐዋሳ ቤቶች የምትሄዱ ተማሪዎች ፎልደሩን ከነድብቅ ፋይሉ እንዳለ ገልብጡ። በቴሌግራም የሚላክላችሁ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ባለቤቱንም ካሜራው በየትኛው አቆጣጠር ተሞልቶ እንደነበር ጠይቁ።